አልበላም

ቴይ የሚሉት ወንዝ ከባሕር በሚጋባበት፣
ጭጋግ የሆስፒታሉን መስኮት በሚልስበት፣
ዳንዲ ከተማ፣ በጥቅምት፣ ከሰዓት፣
አሥራ አንድ የሕክምና ተማሪዎች ቆመዋል በሰልፍ፤
ጋዋናቸው ላይ ይታያል የሱቁ እጥፍ።

በአምስት ዓመት ትምህርት ውስጥ ለምግብ የተቆረጠው
ሁለት ከሰዓት ነው።
አንደኛውን ስላይድ በላው፦
ቫይታሚን ከነዘመዱ፣ ካሎሪ በኪሎ ሲባዛ፣
የስኳር ቀስት ወዲህ፣ የስብ ቀስት ወዲያ ሲበዛ፣
ሩአሪን ከኋላ ወንበር እንቅልፍ እንደ ንጉሥ ገዛ።

ሁለተኛው የሞራግ ነው።
ሞራግ መክስዊን ሐኪም አይደለችም፤ የምግብ ባለሙያ ናት፣
ይህ ኮሪደር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮቴዋን የለየላት፣
ማንኪያ ከኪሷ የማይታጣት።
«ደብተር ዝጉ» አለች። «አንድ አልጋ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ማንኪያ።
ከበላ፣ ስንት ጉርሻ? ካልበላ፣ ለምን?
‹ፍላጎት የለውም› ብሎ የሚጽፍልኝ
ማርኩን ከሌላ ይለምን።»

ለሩአሪ ሰባት ቁጥር ደረሰው።
ዱጋልድ ስተሮክ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ፣
የጆንያ ፋብሪካ ማሽን ጥገና ነበር ሙያና ሀብቱ።
በሦስት ሳምንት ስምንት ኪሎ ጥሏል፤ የት እንደጣለው
ደሙ ቢመረመር፣ ሆዱ በካሜራ ቢታይ፣
የተገኘ ነገር የለም።
ከእግርጌው በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ፣
እጁ ልዩ ልዩ፣ ልዩ ልዩ ቀለም፦
ቁርስ — አልበላም።
ምሳ — አልበላም።
እራት — አልበላም።

(ይህን በኛ ፊደል ስገለብጠው ብዕሬ ቆመ።
«ላ» ከጠበቀች፣ ሰውየው ሳይበላ ዋለ፤ ለምን እንደሆነ አልተባለም።
«ላ» ከላላች፣ እንቢ ያለው ራሱ ነው፤ ሌላ ተጠያቂ የለም።
እነሱ ጋ ለየብቻው ቃል አለው፤
አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የጻፉት ግን የላላውን ነው።)

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትሪው መጣ፦
የተፈጨ ሥጋ፣ የተደቆሰ ድንች፣ መረቁ ቀዝቅዞ ቆዳ ያወጣ።
ጉንፋን ገብቷል ተብሎ ክፍሉ በሙሉ ማስክ አጥልቋል።
«እራት ልስጥዎ?» አለ ሩአሪ፣ ጨርቁ እስከ ዓይኑ ሥር።
ሽማግሌው ራሱን ወዲህ ወዲያ አለ።
ደገመለት። ያው።
ብዕሩን አወጣ። ሞራግ ከበሩ ሆና ታየዋለች፤ ትንፍሽ አላለች።
መነጽሩን ግን ትንፋሹ ጋርዶታል፤
ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ፣ በጋዋኑ ጫፍ እየወለወለ፣
ድምፅ በሌለው ከንፈር፣ ለራሱ፣ «ምን ይሻላል?» አለ።

«ጥርሴ ቢመጣ ይሻላል» አለው ሰውየው።

አርባ ዓመት ከማሽን ጋር የጮኸ ጆሮ፣ ጆሮ አይባልም፤
እዚያ ሠራተኛው ሁሉ የሚሰማው በዓይኑ ነበር፣ ከንፈር እያነበበ።
እዚህ ከገባ ወዲህ ከንፈር ያሳየው የለም።
ጥርሱ? መሳቢያ ውስጥ፣ በሶፍት ተጠቅልሎ፣
በአምቡላንስ ከመጣባት ሌሊት ጀምሮ፣
ከእጁ አንድ ክንድ ርቆ።

ሃያ ሁለት ማንኪያ። አርባ ደቂቃ።
ሌላው ሰው እስኪውጥ ዝም ብሎ መጠበቅ
ከየትኛውም ስላይድ ላይ አልነበረም።
ክንዱ ዛለ። ሰዓቱን አየ፤ አፈረ፤ ደግሞ አየ።
በዘጠነኛው ላይ ሽማግሌው ማንኪያውን ነጠቀው።
ሲጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ» አይደለም ያለው፤
«ድንቹ ጨው የለውም» ነው።

ሩአሪ ከነዚያ ሁሉ አልበላሞች ግርጌ ጻፈ፦
«ሃያ ሁለት። ጥርሱን አድርጉለት።
ስታናግሩት አፋችሁን አሳዩት። ጨው።»

ሞራግ አነበበች። ስለ ማርክ አላነሣችም፤ እጇን ዘረጋች፦
«ማንኪያዬስ?»
«አልሰጥም ብሏል።»